አሥር ደቂቃ አልኳቸው

ይህን ታሪክ ለብዙ ጓደኞቼ አውርቻለሁ። ባወራሁት ቁጥር ግን መጨረሻውን እዘለዋለሁ። ዛሬ ሳልዘል ልጻፈው።

ሥራዬ ካሜራ ነው። የምኖረው አትላንታ ነው። ወቅቱ ሲደርስ ሃሪኬን የሚባለው ታላቅ አውሎ ነፋስ ከባሕር ወደ የብስ ሲወጣ ከሚቀርጹ ሰዎች ጋር ወደ ጠረፍ እወርዳለሁ። ያኔ አብሬው የምሠራው ሰውዬ በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቷል። ቦታ የሚመርጠው እሱ ነው፣ የምነዳው እኔ ነኝ፣ የምንቀርጸው ሁለታችንም ነን። አለቃዬ ልበለው።

ነገሩ የሆነው ኢያን በተባለው ሃሪኬን ጊዜ ነው፤ መስከረም 2022 እ.ኤ.አ.። ሰኞ ዕለት ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ታምፓ ነበርን። ትንበያው ወደዚያ ያመለክት ስለነበር ፓርኪንግ መርጠን፣ ጄሪካኖቹን ቤንዚን ሞልተን ተቀምጠናል። ማክሰኞ መስመሩ ወደ ደቡብ መውረድ ጀመረ። ዕለቱ መስቀል ነበር። ዕቃ እየጫንኩ እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች።

«ደመራው ወደ ምሥራቅ ወደቀ» አለችኝ። «ያንተውስ ነገር ወዴት ነው?»

«ወደ ደቡብ እየዞረ ነው እማዬ።»

«እንግዲያው አንተ ወደ ሰሜን ሂድ።»

እሺ አልኳት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ እየነዳሁ ነበር።

አለቃዬ የመረጠው ከታምፓ በስተ ደቡብ ያለችውን ፑንታ ጎርዳ የምትባል ከተማ ነው። በዚህ ምርጫው ዛሬም አመሰግነዋለሁ። በእኛ ሥራ ሰው የሚፈራው ነፋሱን ነው፤ ይበልጥ የሚገድለው ግን ውሃው ነው። ሃሪኬን በዚህኛው የምድር አጋማሽ ከሰዓት መዞሪያ በተቃራኒ ነው የሚሽከረከረው። እዚያ ጠረፍ ላይ ሲወጣ ዓይኑ ከሚባለው ጸጥ ያለ መሃሉ በስተ ደቡብ ያለው ነፋስ ባሕሩን ወደ ከተማው ይገፋዋል። በስተ ሰሜን ያለው ደግሞ ውሃውን ከየብስ ወደ ባሕር ያባርረዋል። ረቡዕ ዕለት ታምፓ ላይ ውሃው ሸሽቶ ሰዎች የባሕሩ ወለል ላይ ይራመዱ ነበር። ከእኛ በስተ ደቡብ ያለችው ፎርት ማየርስ ቢች ግን ከ10 እስከ 15 ጫማ የሚደርስ ውሃ ገባባት። ኢያን በቀጥታ ከገደላቸው ሰዎች አብዛኞቹን የወሰደው ውሃ ነው። እኛ ዓይኑ ሊያልፍበት የሚችልበት ቦታ ላይ፣ ኮንክሪት ፓርኪንግ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበርን።

ከቀኑ 9 ሰዓት ከ5 ሲል ኢያን ካዮ ኮስታ የምትባል ደሴት ላይ ወጣ። ነፋሱ በሰዓት 150 ማይል ነበር። ቻርሊ የተባለው ሃሪኬንም በነሐሴ 2004 እ.ኤ.አ. የወጣው እዚያችው ደሴት ላይ ነው፣ ፍጥነቱም ያው 150። ቻርሊም መጀመሪያ ለታምፓ ተብሎ በመጨረሻው ሰዓት ነው ወደ ፑንታ ጎርዳ የታጠፈው። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም።

የዓይኑ ግድግዳ፣ ማለትም ዓይኑን የከበበው ኃይለኛ ነፋስ፣ ሲደርስ እንደተለመደው ያልፋል ብለን ነበር። አላለፈም። ኢያን ቀርፋፋ ነበር፣ እየዳኸ ነው የመጣው። ዘንባባዎቹ አንድ በአንድ ተቀነጠሱ። ከመስኮት የተነቀለ ኮምፔልሳቶ በመንገዱ ላይ እንደ ወረቀት በረረ። ሌንሱን ጠርጌ ጨርቁን ሳልመልስ እንደገና ይረጥባል። ከአለቃዬ ጋር በአንድ ክንድ ርቀት ቆመን የምንግባባው በራዲዮ ነበር።

ከዚያ ቀስ በቀስ ለቀቀ። ዝናቡ ሳሳ፣ ሰማዩ ነጣ። 10 ሰዓት አልፎ ነበር። ዓይኑ ውስጥ ገባን።

ዓይን ውስጥ ምን እንደሚሠራ የታወቀ ነው። ባትሪ ይቀየራል፣ ሚሞሪው ይገለበጣል፣ ካሜራው ወደ ሌላኛው ጎን ይዞራል። ከምሥራቅ ሲመታህ የነበረው ነፋስ ሲመለስ በምዕራብ በኩል ስለሆነ የሚመጣው፣ ያኔ ተዘጋጅተህ ካልቆምክ የዕለቱን ዋና ምስል ታጣለህ። ማቆሚያውን ላነሳ ስል ከመንገዱ ማዶ አንድ በር ተከፈተ።

አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሰባ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። በጎን በኩል ዞረው የአሉሚኒየም መሰላል አመጡ። ጣሪያው ላይ አስደገፉት። የጣሪያው ክዳን በአንድ ጥግ ተነስቶ ነበር፣ ሌላው ደህና ነው። በብብታቸው ሰማያዊ ሸራ፣ በእጃቸው መዶሻ ይዘው መውጣት ጀመሩ።

እኔ ካሜራዬን አዞርኩ። ዙም አደረግኩ። አርባ ሰከንድ ቀረጽኳቸው። በኋላ ቆጥሬዋለሁ፣ ልክ አርባ ሰከንድ ነው። ከኋላቸው ያ ነጭ ሰማይ አለ፣ ከሥራቸው የተበታተነ ግቢ። በጣም ጥሩ ምስል ነበር። ቀርጬ ስጨርስ ነው እግሬ የተንቀሳቀሰው።

«አትውረድ» አለኝ አለቃዬ።

«ሰውየው አልቋል ብለው ነው።»

«የእኛ ሥራ መቅረጽ ነው።»

ወረድኩ። ሦስቱን ፎቅ በሩጫ ወርጄ መንገዱን ተሻገርኩ።

«ጌታዬ፣ ይውረዱ! አላለቀም!» አልኳቸው። በእንግሊዝኛ «አባባ» የሚባል ነገር የለም። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ እንዴት እንደምለምናቸው አውቅ ነበር።

ቁልቁል አዩኝ። በከንፈራቸው ምስማር ይዘው ነበር። አወጡትና፣

«ቻርሊን ያሳለፍኩት እዚሁ ቤት ነው» አሉ። «አንተ ያኔ የት ነበርክ?»

«ደብረ ብርሃን። ተማሪ ነበርኩ።»

«የት ነው እሱ?»

«ኢትዮጵያ።»

አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ነገሩን ሊያስረዱኝ ፈለጉ። «ቻርሊ ሲመጣ ዓይኑ በላያችን ነው ያለፈው» አሉኝ። «ሚስቴ ቡና ልትቀዳ ተነስታ ሳትቀመጥ በሌላው በኩል መታን። ይኸኛው ጸጥ ካለ ስንት ጊዜ ሆነው? ዓይን ቢሆን ኖሮ እስካሁን ያልፍ ነበር። ጠርዙ ነክቶን ሄዷል።»

እዚህ ላይ ልቁም። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል። የሚያስቅ ነገር የለውም። የሰውየው ሐሳብ የአዋቂ ሐሳብ ነው። የቻርሊ ዓይን ወደ 5 ማይል ብቻ ነበር፣ ሃሪኬኑም ራሱ በሰዓት ከ20 ማይል በላይ ይሮጥ ነበር። ስለዚህ ጸጥታው የደቂቃዎች ነገር ነው። የኢያን ዓይን የዚያ ብዙ እጥፍ ይሰፋል፣ እርምጃው ደግሞ የዚያን ግማሽ አይሞላም። ሰውየው በዓይናቸው ያዩትን፣ በቤታቸው የቀመሱትን ነው የተናገሩት። ደሴቲቱ ያቺው፣ የነፋሱ ፍጥነት ያው፣ መንገዱ ያው። የተለየው የዓይኑ ስፋትና እርምጃው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከመሰላል ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም።

የማሳያቸው ነገር ከኪሴ አወጣሁ። ሁሌም ከእኔ የማይለይ ትንሽ የአየር ግፊት መለኪያ አለኝ። ወደ ላይ ዘረጋሁላቸው።

«ሄዶ ቢሆን ኖሮ ይህ ቁጥር ሽቅብ ይወጣ ነበር። ይኸው፣ ከ950 ሚሊባር በታች ነው። ገና መሃሉ ላይ ነን።»

ዝም ብለው አዩት። በግቢያቸው በኩል የጀልባ መጎተቻ ጋሪ ነበር። ጀልባ ያለው ሰው ግፊት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። መዶሻውን ሰጡኝ፣ ቀስ ብለው ወረዱ።

«ስንት ጊዜ አለኝ?» አሉ።

«አሥር ደቂቃ» አልኳቸው።

ለምን አሥር አልኩ? ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሉዊዚያና ውስጥ፣ አይዳ በተባለው ሃሪኬን ጊዜ፣ እኛ በቆምንበት ቦታ ጸጥታው የቆየው ያን ያህል ነበር። ያኔ ግን እንዲህ ብዬ አላሰብኩም። ቁጥሩ ከአፌ ወጣ። እሳቸው በቻርሊ ለኩ፣ እኔ በአይዳ ለካሁ። ልዩነታችን የእኔ አፍ እርግጠኛ መምሰሉ ነው።

ገቡና በሩን ዘጉ። እኔም ወደ ፎቄ ተመለስኩ።

አሥር ደቂቃ አለፈ። ምንም የለም። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሰማዩ እንደውም ይበልጥ በራ። በሩ ተከፈተ። ሰውየው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ቀና አሉና በጣታቸው የእጅ ሰዓታቸውን መታ መታ አደረጉ። እጄን አወዛወዝኩላቸው፤ ግቡ፣ ግቡ። ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ሄደው መሰላሉን አነሱ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ሌላ ቦታ ተሰምቶኝ አያውቅም። አንድ ሰው አምኖኝ ነበር። እኔ በሰጠሁት ቁጥር ምክንያት ነው አሁን የማያምነኝ። ዝም ብዬ «አላለቀም» ብቻ ብል ኖሮ ጠብቀው ይቆዩ ነበር። ደቂቃ ስሰጣቸው ግን ደቂቃው አልፎ ውሸታም ሆንኩ።

«እሱን ያዝ፣ እንዳትለቀው» ይላል አለቃዬ በራዲዮ። እኔ ካሜራውን ትቼ በፎቁ ጠርዝ ላይ ቆሜ በሁለት እጄ እያወዛወዝኩ እጮሃለሁ። ሰውየው ሁለተኛው መርገጫ ላይ እንደደረሱ በስተ ምዕራብ ያለው ሰማይ ጠቆረ። ድምፁ ቀድሞ ነው የሚደርሰው፤ ዳገት የሚወጣ ከባድ መኪና ይመስላል። የመጀመሪያው ነፋስ መሰላሉን በጎኑ ወሰደው። ሰውየው ሳሩ ላይ ወደቁ። በእጅና በጉልበታቸው እየዳኹ በራቸው ጋ ደረሱ። በሩ ሲዘጋ አየሁ። ከዚያ በኋላ ማዶው ቤት ጭራሽ አልታይ አለ።

ጨለማ እስኪሆን መታን። ካሜራዬ ወደ ምዕራብ አልዞረም ነበር፤ የነፋሱ መመለሻ አመለጠን።

ሌሊት ነፋሱ ሲበርድ አለቃዬ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «ሲወድቅ ይዘኸዋል?» ብሎ ነው።

«አልያዝኩም።»

ብዙ ተናገረ። ለስንት ጊዜ የሚጠበቅ ምስል እንደሆነ፣ ለዚህ ሥራ እንዳልተፈጠርኩ። መልስ አልሰጠሁትም። ከዚያ ሚሞሪዬን ከፍቶ አርባ ሰከንዱን አገኘ። ፊቱ ተፈታ። «ይኸው! ጥሩ ደመ ነፍስ አለህ እኮ» አለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የሚያሳምመኝ ይኸ ነው። ሮጬ በመውረዴ ተቆጣኝ፣ ሳልወርድ በቆየሁበት አርባ ሰከንድ አመሰገነኝ።

ኔትወርክ አልነበረም። ሊነጋጋ ሲል የወደቀ ዛፍና ሽቦ እየሸሸን ሲግናል እስክናገኝ ነዳን። የነዳሁት እኔ ነኝ። እሱ ከጎኔ ቁጭ ብሎ ቪዲዮውን ላከው። ርዕሱን ሲጽፍ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «ሞኙ ሽማግሌ በሃሪኬን ዓይን ውስጥ መሰላል ወጡ» ይላል።

«ሞኝ አይደሉም» አልኩት። ስለ ቻርሊ ያሉኝን ነገርኩት።

«ርዕስ ነው» አለ። «ሰው የሚከፍተው በርዕስ ነው።»

መንገድ ዳር ማቆም እችል ነበር። ነዳሁ።

ረፋድ ላይ ጉዳቱን ለመቅረጽ ወደ ፑንታ ጎርዳ ተመለስን። ሰውየው በረንዳቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸውን በፎጣ አንገታቸው ላይ አስረውታል። ከጣሪያቸው ግማሹ የለም። ሲያዩኝ በደህናው እጃቸው ጠሩኝ። ውሃ ሰጡኝ። «አሥር ደቂቃህ ረጅም ነው» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «የግፊቱ ነገር ግን ልክ ነበርክ» አሉ።

ከዚያ፣ «ቀርጸኸኛል?» አሉ።

«አዎ።»

«አሳየኝ።»

ካሜራውን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ሲያዩት ምንም አልተናገሩም። ሁለት ጊዜ አዩት። ከዚያ በጣታቸው ስክሪኑን ነኩ።

«ጣሪያውን አየኸው? ያኔ እኮ ደህና ነበር። ጥጉ ብቻ ነው።» ቀና አሉ። «ኢንሹራንሶቹ ድሮም የተበላሸ ነው ሊሉኝ ይችላሉ። ይህን ብታገኝልኝ...»

እዚያው ላፕቶፕ ከፍቼ ሚሞሪ ላይ ገልብጬ ሰጠኋቸው። በሸሚዛቸው ኪስ አስገብተው ቁልፉን ቆለፉ። አመሰገኑኝ። ከልባቸው ነው ያመሰገኑኝ።

«ልጄ ኦሃዮ ናት» አሉ። «ከትናንት ጀምሮ አላገኘኋትም። ስልኩ ሲመለስ ለእሷም እልክላታለሁ። አባቷ በዚህ ዕድሜው መሰላል ሲወጣ ትይ።»

ቪዲዮው ከተለጠፈ ሦስት ሰዓት አልፎት ነበር። አልነገርኳቸውም።