የካልሲ ኳስ

ዛሬ ከሰዓት ሰፈራችን ካለው ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ ኳስ አየሁ። 80ኛው ደቂቃ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ብድግ ብሎ ጮኸ። ጎል የገባ መስሎኝ ነበር። ኮርና ነው። የጨበጣት የቤቲንግ ወረቀት በላብ ርሳለች።

«ማንን ነው የምትደግፈው?» አልኩት።

«ማንንም። አንድ ኮርና ብቻ ነው የቀረኝ።»

ሆዴ ባባ። ልጁን ግን አልተቆጣሁትም።

እኛ ኳስ የምንሠራው ከአሮጌ ካልሲ ነበር። ጨርቅ ይጠቀጠቅበታል፣ በሲባጎ ይታሰራል። ዝናብ ሲመታው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። እሁድ ሲሆን አባቴ እጄን ይዞ አዲስ አበባ ስታዲየም ይወስደኛል፣ ካታንጋ ወደሚባለው የደጋፊ መቀመጫ። ጊዮርጊስና ቡና ከሆኑማ ሰልፉ ገና በጠዋት ነው። በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ይገዛልኛል። የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ የሚተርክልኝም እዚያው ነው። ግብፅን 4 ለ 2 ስንረታ፣ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ሲያገቡ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል። «መንግሥቱ» ሲል ድምፁ ይለወጣል። የማንንም የዝውውር ዋጋ ሲያወራ ግን አንድም ቀን አልሰማሁትም።

ተጫዋች በደንብ ይከፈለው፣ ላቡ ነው። እኔን የከፋኝ ደጋፊው ነው። ማልያ መውደድ ቀርቶ ቁጥር መቁጠር ሲሆን ያማል።

ልጁ በመጨረሻ ወረቀቱን ቀዳዶ ጥሎ ወጣ። ጨዋታው ገና ሦስት ደቂቃ ይቀረው ነበር።