እምዬና የሐሙስ ገበያ

ወደ ጅማ የወረድኩት ለእምዬ ሙት ዓመት ነው። እምዬ የእናቴ እናት ናት፤ የልጅ ልጆቿ ሁላችንም የምንጠራት እንደዚያ ነበር። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱን የሚያረዝመው ግን ጊቤ ነው። ከወልቂጤ በኋላ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሹራብ ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል፣ "ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል" የሚል ሰውም አይጠፋም። ወንዙን ተሻግረን የአበልቲን ዳገት ስንጨርስ አየሩም አገሩም ሌላ ሆነ።

አሰንዳቦ አካባቢ የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ ተንጣሎ ይታያል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ነው። እምዬ ከወሊሶ ተድራ በጭነት መኪና ስታልፍ እዚህ የነበረው ሜዳና ከብት ነው። በኋላ ውሃውን ባየች ቁጥር "ይሄ ሁሉ መሬት እዚህ ስር ተኝቶ!" ትል ነበር። መብራት የጠፋ ማታ ደግሞ ስድቧ የሚያርፈው እዚሁ ግድብ ላይ ነው።

የዕድሩ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተክሏል። ለሙስሊም ጎረቤቶች የሚሆነው በግ በራሳቸው ሰው ታርዶ፣ በራሳቸው ድስት ተሠርቶ ለብቻው ቀርቧል። ጅማ ላይ ይህን የሚያዝ የለም፤ የሚረሳም የለም። ካህናቱ ጸሎቱን ካደረሱ በኋላ ወሬው ወደ እምዬ ዞረ። ደግ፣ ታጋሽ፣ ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣ። መቼም ሰው ሲሞት ደግነቱ ይበዛለታል፤ እነሱ የሚያወሩላትን ሴት ግን እኔ አላውቃትም።

አጠገቤ የተቀመጡት የገበያ ጓደኛዋ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ጠጋ አሉኝ።

"ክፉ ቃል አይወጣትም አሉ? ያን ምላሷን የት አደረጉት፣ የኔ ልጅ!"

እምዬ ዕድሜዋን የጨረሰችው ሂርማታ ላይ ቡና ስትገዛና ስትሸጥ ነው። ሂርማታ የዛሬው ከተማ ሳይኖርም ገበያ ነበር፤ ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) በገዙት በአባ ጅፋር 2ኛ ዘመን የሲራራ ነጋዴ ከየአቅጣጫው ይወርድበት ነበር፤ ዋናው ቀንም ሐሙስ ነው። ጀንፈል፣ ገና ከገለባው ያልወጣ ቡና፣ ሲመጣላት ቀድማ የምታምነው ዓይኗን አልነበረም። በእፍኟ ዘግና ጆሮዋ አጠገብ ታንቀጫቅጨዋለች። የደረቀ ፍሬ ገለባው ውስጥ ይንኳኳል፤ ያልደረቀው ዝም ነው። ከዚያ አንዱን ፈልፍላ በፊት ጥርሷ ትነክሳለች። ጥርስ ከሰመጠበት ገና ነው፤ መጋዘን ገብቶ ይሻግታል። ገና ከሆነ የዘገነችውን መልሳ ከረጢቱ ውስጥ ታፈሰዋለች፤ ባለቤቱ እየለመነም ቢሆን።

አንዴ አንድ ነጋዴ ሚዛን እንዲያነሳለት ቡናውን ውሃ አርከፍክፎ አመጣላት። ሰው በተሰበሰበበት፣ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ ማንም ሳይሰማ እንዳይቀር፦ "ውሃ መግዛት ካማረኝማ አዌቱ በጓሮዬ ያልፋል!"

"ስንት ሐሙስ ሳይወጣ ከረመ መሰለሽ" አሉ እናቲቱ፣ ሳቃቸውን በሻሻቸው እያፈኑ። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ በጮሁ። "ደግሞ ልጁ የታመመበት ጊዜ ለሐኪም ብር ያበደረችው እሷው ናት። ተወችለት እንዳትዪኝ ብቻ! እስከ መጨረሻዋ ስሙኒ ተቀብላዋለች።"

ይቺን አውቃታለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ለእናቴ ደውዬ የነገርኳት ይህን ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ከእምዬ የገበያ ጓደኛ ጋር ገበያ ወጣን። ቡና ተራ ስንደርስ ከአንዱ ከረጢት እፍኝ ዘግኜ ጆሮዬ አጠገብ አንቀጫቀጭኩት። ሻጩ፣ ጠና ያለ ሰው ነው፣ ትክ ብሎ አየኝ።

"ይሄን ማን አስተማረሽ?"

እናቲቱ የእምዬን ስም ጠርተው የልጅ ልጇ መሆኔን ነገሩት።

"ወይ ጣጣ!" አለ፣ ሚዛኑን ወደኔ እየገፋ። "እንግዲያው ራሷ ትመዝን።"