ሐረርን ወለጋ ያስገባሁበት ቀን

ዛሬ ቢሮ ተሳቀብኝ። ሲያንሰኝ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የሐረር ጁገልን (በግንብ የታጠረችውን አሮጌ ከተማ) ቅርሶች ከወረቀት ቅጽ ወደ ዳታቤዝ ስገለብጥ ነበር። መስጊዶች፣ አዋቾች (ሐረሪዎች ወሊዮቻቸውን የሚዘክሩባቸው ስፍራዎች፤ አንዳንዱ ጉልላት ያለው ሕንፃ፣ አንዳንዱ ዛፍ ብቻ)። ዩኔስኮ 82 መስጊድና 102 አዋች ቆጥሯል፣ ያውም ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር በማትሞላ ከተማ። ጠዋት ነጥቦቹን ካርታ ላይ አወጣኋቸው። ጁገል ባዶ። ካርታውን ሳሳንሰው፣ ሳሳንሰው፣ ለካ ሁሉም ተሰብስበው በነቀምቴና በጊምቢ መካከል ጉብ ብለዋል! ጎኔ የሚቀመጠው ልጅ «ሐረር መቼ ነው ወለጋ የገባችው?» ብሎ ጮኸ፣ በቃ ከዚያ በኋላ ሥራ የለም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ዩቲኤም የሚባለው የቦታ መጠቆሚያ ዘዴ ምድርን በየ6 ዲግሪው በዞን ይከፍላል። ላሊበላ ዞን 37፣ ጎንደር 37፣ አክሱም 37፤ እጄ ለምዶ ዞን የሚለው ሳጥን ላይ 37 እየሞላሁ እወርዳለሁ። ዞኑ የሚለወጠው ግን 42 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ድሬዳዋ ከመስመሩ ወዲህ ትቀራለች፣ ሐረር ለጥቂት ታልፈዋለች። 38 ናት። ያው ቁጥር በየዞኑ ስለሚደገም 37 ስትለው ነጥቡ ዝም ብሎ 6 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፣ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ። ኮምፒውተሩም አይቆጣም።

እሱስ በአንድ ሰዓት ተስተካከለ። እንዲህ ያለ ትልቅ ስህተት እንደውም ደግ ነው፣ ራሱን ያጋልጣል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ትንሹ ነው። አንዳንዱ የድሮ ቅጽ ላይ ያለው ቁጥር ከ1፡50,000 ካርታ በዓይን የተነበበ ነው፤ ካርታው የተሠራው አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የቦታ ቁጥር የሚለካበት መነሻ) ነው፣ ጂፒኤሱ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84። የአዲንዳኑን ቁጥር እንዳለ ብታስገባው ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይንሸራተታል። ገጠር ቢሆን ዞር ዞር ብለህ ታገኘዋለህ። ጁገል ውስጥ ግን ሌላ ሰፈር፣ ሌላ አዋች፣ ምናልባትም ከግንቡ ውጪ ነው። ካርታው ላይ ሲታይ ደግሞ ያምራል፣ ማንም አይስቅም።

ቅጹ ላይ ዳተም የሚል ቦታ የለም። ስለዚህ መጠርጠር ጀመርኩ፦ በዓይን የተነበበ ቁጥር ወደ መቶ ስለሚጠጋጋ፣ በ00 የሚያልቅ ሳይ ከካርታ ነው እላለሁ። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይሆንም። ከሰዓት ዳተም የሚልና «ቁጥሩ ከየት ተገኘ» የሚል ዓምድ ጨመርኩ፣ ዞኑንም ባዶ እንዲጀምር አደረግኩት። ብዙዎቹ መዝገቦች «አይታወቅም» ሆነው ቀሩ። አለቃዬ አልወደዱትም። ሪፖርት ላይ ያስቀይማል አሉ። ያስቀይማላ!

ሐረር ያለው ባልደረባችን እየዞረ እንዲያረጋግጥልኝ ደወልኩለት። ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ «ወለጋ ልውረድ ወይስ እዚሁ ልጠብቅሽ?» አለኝ። ወሬው በምን ፍጥነት እንደደረሰው እንጃ።