ዘጠኝ የጥያቄ ምልክት

ሐሙስ ማታ፣ ጎንደር

ዛሬም ቢሮ አመሸሁ። ከፒያሳ ወደ ቤት የሚሄደው ሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ እንኳን ከስክሪኑ መነሳት አልሆነልኝም። ሌሊት የሚገባውን የመጀመሪያውን ሙሉ መዝገብ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ።

የአዘዞና የማራኪ ቅርንጫፎቻችን ደንበኞቻቸውን የሚይዙት በኤክሴል ነው፤ የክፍያው መረጃ ያለው ደግሞ ፖስትግሬስ በሚባል የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ሁለቱን በየሌሊቱ የሚያገናኝ ሰርቨር እንድተክል ስታዘዝ መረጃን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚያመላልሰውን አፓቼ ናይፋይ የተባለ ፕሮግራም መረጥኩ። የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ለራሱ ሠርቶት በ2014 እ.ኤ.አ. ነፃ ሶፍትዌር ለሚያስተዳድረው አፓቼ ፋውንዴሽን ያስረከበው ነው፤ ክፍያም የለውም።

ተከላው ብዙም አላስቸገረኝም። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ላይ ናይፋይ የሚሠራበትን ጃቫ 11 ጫንኩ፤ የናይፋይን ጥቅል ፈታሁ፤ ማሽኑን ሁሉ የሚያዝዘው የሥር አስተዳዳሪ ሥልጣን እንዳይኖረው ለብቻው ተጠቃሚ ከፈትኩለት። መጀመሪያ ሲነሳ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ራሱ ፈጥሮ ውሎውን በሚመዘግብበት ሎግ ፋይል ውስጥ ይጽፋል። እሱን ቀየርኩ፤ ከ12 ፊደል ያነሰ የይለፍ ቃል አይቀበልም። ግማሽ ቀን የወሰደብኝ ከሌላ ኮምፒውተር አለመከፈቱ ነበር። ለካ ጥሪ የሚቀበልበትን በር (ፖርት) 8443ን የሚያዳምጠው ማሽኑ ራሱን በሚጠራበት በ127.0.0.1 አድራሻ ብቻ ነው፤ ከራሱ ማሽን ውጭ ለማንም አይመልስም። ይህ ጥሩ ጥንቃቄ ነው፤ አድራሻውን የቀየርኩትም ያልተፈቀደለትን የሚከለክለውን ፋየርዎል ካበጀሁ በኋላ ነው።

ያስደነገጠኝ ሰኞ ጠዋት ያየሁት ነው። የደንበኞቹ ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። አንዱን ረድፍ ቆጠርኩ፦ ዘጠኝ። ኤክሴሉ ላይ ያለው ስም «ፀሐይ» ነው፤ ሦስት ፊደል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የኮምፒውተር የፊደል ኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት፣ ማለትም ሦስት የማከማቻ ቁራጭ፣ ይይዛል፤ ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ። ስለዚህ ፋይሉ አልተበላሸም፤ የሚያነበው ፕሮግራም ነው ፊደላችንን ያላወቀው። እሑድ ከትእዛዝ መጻፊያው (ተርሚናል) ስሞክረው ደህና የነበረው በራሴ መግቢያ የቋንቋ ቅንብሩን አስተካክዬ ስለነበር ነው። ማሽኑ ሲበራ ራሱን ችሎ የሚነሳው አገልግሎት ግን የእኔን ቅንብር አይወርስም። ቅንብር ያላገኘ ጃቫ 11 ደግሞ ጽሑፍን ለእንግሊዝኛ በተሠራው አሮጌ ኮድ፣ በአስኪ፣ ያነባል፤ አስኪ ያለው 128 ምልክት ብቻ ነው። ስምን ከአባት ስም እንድትለይ የጻፍኳት ትንሽ ፕሮግራም (ስክሪፕት)ም ፊደሉን በምን እንደምታነብ አልተነገራትም ነበር። ጃቫ ዩቲኤፍ-8ን መነሻው ያደረገው ከ18ኛው ስሪት ጀምሮ ነው። በስክሪፕቷ ውስጥም፣ በናይፋይ ማስነሻ ፋይልም፣ በአገልግሎቱ ፋይልም ዩቲኤፍ-8 ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ይበቃ ይሆናል፤ በሰው ስም ላይ ግን መቆጠብ አልፈለግሁም።

ቀጥሎ የመጣው ከዚህ ይከብዳል። የክፍያው መረጃ ያንኑ ስም «ጸሀይ» ብሎ ይዞታል። ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁሉንም ወደ አንድ አጻጻፍ የሚለውጥ ደንብ ጽፌ ልጨርስ ስል፣ መዝገቡን ለዓመታት በእጃቸው ሲጽፉ የኖሩትን እትዬን ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ልጄ፣ አባቷ በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ አስመዝግቧት የለ? አንተ ማን ነህና ታርመዋለህ?»

«እንዳይለያዩብኝ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ለማገናኛው ሌላ ቦታ ጻፍ። ስሟን ተወው።»

እንዳሉት አደረግሁ። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን፣ አ እና ዐን ከነርባታቸው ወደ አንድ የሚያመጣው ደንብ የሚሠራው ለማመሳሰያ በከፈትኩት ዓምድ ላይ ብቻ ነው። የስሙ ዓምድ ደንበኛው እንዳስመዘገበው ይቀመጣል። አጻጻፋቸው አንድ ሆኖ ሰዎቹ የተለያዩ እንዳይሆኑ ደግሞ የደንበኛ ቁጥሩም ካልተስማማ አያገናኝም፤ ለሰው ዓይን ያቆየዋል።

አሁን ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ መጥቷል፤ አገልግሎቱ ሁለቱንም ጊዜ በራሱ ተነሳ። ሰንጠረዡን ከፈትኩ። «ፀሐይ» በሦስት ፊደሏ ተቀምጣለች፤ ክፍያዋም ከጎኗ አለ። ነገ እትዬ ሲገቡ ሻይ ሳይጠጡ የማሳያቸው ይህን ረድፍ ነው።