ከቦሌ በፊት የነበረው ሽኝት

ሽኝት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ቦሌ ነው። እኔ ግን እህቴን የሸኘኋት ቦሌ ላይ አይመስለኝም። ዲቪ ደርሷት በቅርቡ ወደ ዋሽንግተን በረረች፤ የዚያን ዕለት ግን ለስንብት ፋታ ያገኘ ሰው አልነበረም። የተፈቀደላት እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ነበሩ፤ እናታችን በርበሬውን፣ ሽሮውንና ዳቦ ቆሎውን አጭቃበት ስለነበር ሚዛን ላይ እያወጣን ስንቀንስ፣ እሷም የቀነስነውን ተደብቃ ስትመልስ መሸ። ቲኬት የሌለው ወደ ተርሚናሉ ስለማይገባ መሳሳሙ የመኪና ማቆሚያው ላይ ሆነ። አክስቴ «መንገደኛ በእንባ አይሸኝም» እያለች እናቴን ትቆጣለች፤ የራሷ ነጠላ ጫፍ ግን ርሷል።

ለእኔ ሽኝቱ የተፈጸመው ቀደም ብሎ፣ ደብረ ብርሃን ነው። አያታችን ዕድሜዋ ገፍቷል፤ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዛ አዲስ አበባ መምጣት ስለማትችል እኛ ሄድንላት። ቡናው ተጠጥቶ እህቴ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ ስትል አያቴ ትከሻዋን ይዛ አቆመቻት።

«ቆዪ ልጄ፤ አስቀድሜ እኔ ልናገር። አውቄም ሆነ ሳላውቅ ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ይቅር በይኝ።»

እህቴ ደነገጠች። «ኧረ እምዬ፣ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ» አለች።

«ያንቺን ትደርሺበታለሽ። በይ፣ መልሺልኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች እህቴ፤ ድምፅዋ ተቆራረጠ። ከዚያ እሷም በተራዋ ጠየቀች፤ ይቅርታም ተቀበለች። ምርቃቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ «የረገጥሽው ይለምልም። ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እመብርሃን ትከተልሽ።» በየመካከሉ ሁላችንም አሜን አልን።

አያቴ ዳግመኛ ላታያት እንደምትችል ታውቃለች፤ ይህን ግን በአንደበቷ አላነሳችውም። መተያየት ባይቻል እንኳ በመካከላቸው ምንም እንዳይቀር አደረገች። እኔ የስንብት ትርጉሙ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከእንባውም፣ ከሻንጣውም በፊት ይህ መቅደም አለበት።

«ዛሬ ምን ችግር አለ፤ በየቀኑ በቪዲዮ ትተያያላችሁ» ያሉን ብዙ ናቸው። መተያየቱስ እንተያያለን፤ እህቴ በደረሰች ማግስት ፊቷን አይተን ደስ ብሎናል። ነገር ግን አንዱ እዚህ፣ አንዱ ባሕር ማዶ ሆነው በየበዓሉ እንኳን አደረሰህ እየተባባሉ፣ ከመለያየታቸው በፊት ያላነሱትን ኩርፊያ ለዓመታት የያዙ ወንድማማቾች አውቃለሁ። ፊት ለፊት ተቀምጠው ሊያወጡት ያልደፈሩት ነገር በስልክ ጭራሽ አይነሳላቸውም።

እኔ የትም አልሄድም። አያቴ ግን እየደከመች ነው፤ ፋሲካ እስኪደርስ መጠበቅም አልፈልግም። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃት «ደግሞ አንተ የት ልትሄድ ነው?» ብላ መደንገጧ አይቀርም። መንገድ እንደሌለኝ፣ የመጣሁት ለዚሁ ብቻ እንደሆነ እነግራታለሁ።