«ከባድ» ሁሉ «ሄቪ» አይደለም

ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት መጋዘኖችና ፋብሪካዎች ብዙ ወረቀት በእንግሊዝኛ ይሞላሉ፤ የዕቃ ርክክብ፣ የብልሽት ሪፖርት፣ ለኢንሹራንስ የሚላክ የአደጋ መግለጫ። እዚህ ወረቀት ላይ ያለ ቦታው እየገባ ከሚያስቸግሩት ቅጽሎች አንዱ «ሄቪ» ነው።

ችግሩ የሚነሳው ከአማርኛው ስፋት ነው። እኛ ጆንያውንም፣ ፈተናውንም፣ በሽታውንም፣ ወንጀሉንም «ከባድ» እንላለን። «ሄቪ» ግን በዋናነት የሚለካው ክብደትንና ብዛትን ነው። ለሚያስቸግር ነገር «ሃርድ» ወይም «ዲፊከልት»፣ ለሚያሰጋ ነገር «ሲሪየስ» ወይም «ሲቪር» አለ።

ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት «ከባድ»ን አውጥተው ሌላ የአማርኛ ቃል ይተኩበት። «አስቸጋሪ» ከገጠመ «ሃርድ» ይሁን፤ ከባድ ጥያቄ «ሃርድ ክዌስችን» ነው። «አሳሳቢ» ከገጠመ «ሲሪየስ»፤ ከባድ በሽታ «ሲሪየስ ኢልነስ» ነው። «ብዙ» ከገጠመ ወይም ነገሩ ሚዛን ላይ የሚወጣ ከሆነ ያኔ «ሄቪ»። ከባድ ዝናብ «ሄቪ ሬይን» የሚሆነው የሚወርደው ውሃ ብዙ ስለሆነ ነው። ነፋስ ግን የሚለካው በጉልበቱ ስለሆነ «ስትሮንግ ዊንድ» ይባላል።

የአደጋ ሪፖርትን ለብቻው እንየው፤ እዚህ ላይ ስህተቱ ዋጋ ያስከፍላል። «ዘ ድራይቨር ሃድ ኤ ሄቪ ኢንጁሪ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለእንግሊዝኛ አንባቢ ግራ ነው። ትክክሉ «ዘ ድራይቨር ዋዝ ሲሪየስሊ ኢንጀርድ» ነው። ትራፊክ ፖሊስ «ከባድ የአካል ጉዳት» እና «ቀላል የአካል ጉዳት» ብሎ የሚለያቸው በእንግሊዝኛ «ሲሪየስ» እና «ስላይት» ናቸው። ቀላሉን «ሲምፕል» ማለትም አይሆንም፤ «ሲምፕል» የውስብስብ ተቃራኒ ነው። በዚያው ሪፖርት ሹፌሩ ብዙ ደም ፈሶት ከሆነ ግን «ሄቪ ብሊዲንግ» ትክክል ነው፤ መጠን ነውና። ቅጣቱ ብዙ ብር ከሆነም «ሄቪ ፋይን» ይባላል። ሕግ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቃል አለ፦ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 539 «ከባድ የሰው ግድያ» የሚለውን የእንግሊዝኛው ቅጂ «አግራቬትድ ሆሚሳይድ» ይለዋል።

ውሃም ያሳስታል። ሳሙና አላረፋ የሚል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ነው፤ ስሙም «ሃርድ ዎተር»። የማጣሪያ ግዢ ደብዳቤ ላይ «ሄቪ ዎተር» ብለው ከጻፉ ፈጽሞ ሌላ ነገር ጠይቀዋል፦ ሃይድሮጂኑ ዲዩቴሪየም የሚባለው ከበድ ያለ የሃይድሮጂን ዓይነት የሆነ፣ ከተራው ውሃ በ11 በመቶ ያህል የሚከብድ፣ በአንዳንድ የኑክሌር ማብላያዎች የሚያገለግል ውሃ። በአቃቂ ወንዝ በሚለማው አትክልት ላይ የተሠሩ ጥናቶች የሚያነሱት «ሄቪ ሜታል» ደግሞ ፌሮ ብረት አይደለም፤ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉትን መርዛማ ብረቶች ማለት ነው።

ስለ ሚዛን ሲጻፍ፣ ሲሚንቶው 50 ኪሎ ከሆነ «ኢት ዌይስ 50 ኪሎስ» ይበሉ፤ «50 ኪሎ ሄቪ» አይባልም። ጥያቄው ግን «ሃው ሄቪ ኢዝ ኢት?» ነው። ሲያወዳድሩ «ሄቪየር» እንጂ «ሞር ሄቪ» አይደለም። ሲናገሩት «ሄቢ» እንዳይሆን የላይ ጥርስ የታች ከንፈርን ይንካ።

ለሰው ሲሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሄቪ ስሞከር» ብዙ የሚያጨስ ነው። «ሄቪ ስሊፐር» ግን እንቅልፍ የሚያበዛ ሳይሆን ኮሽታ የማይቀሰቅሰው ነው። እኛ «ከባድ ሰው ናቸው» ስንል የሚከበሩ፣ ቃላቸው የሚሰማ ማለታችን ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሄቪ ፐርሰን» ወፍራም ሰው ከማለት አያልፍም። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉ ከሆነ «ሃይሊ ሪስፔክትድ» ብለው ይጻፉ።