ከአድለርስሆፍ ቤተ ሙከራ እስከ ቴምፕሊን ሐይቅ

የበርሊን ከተማ ባቡር አድለርስሆፍ ጣቢያ ላይ ሲያወርደን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። አብሮኝ የመጣው የእህቴ ልጅ በዚህች ከተማ ከዐሥር ዓመት በላይ የኖረ መሐንዲስ ነው፤ ሆኖም ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር የብራንደንቡርግን በር እንኳ ሳያይ በመጀመሪያ የድሮ ቤተ ሙከራ አሳየኝ ማለቱ ሊዋጥለት አልቻለም። እኔ ግን በቂ ምክንያት ነበረኝ። የዶይቼ ቬለን የአማርኛ ዝግጅት ለዓመታት ሳዳምጥ «መራሒተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል» የሚለው አጠራር ከጆሮዬ አልጠፋም፤ ተማሪዎቼም ኬሚስትሪ ተምሮ የት ይደረሳል ብለው ሲጠይቁኝ የማነሣላቸው እሳቸውን ነበር። የፊዚክስ መምህሩ ባልደረባዬ ዲግሪያቸውን እየጠቀሰ «የእኛ ናቸው» ይለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ የሠሩበትን ተቋም ስም እየጠራሁ እከራከረው ነበር። በ2016 ኦክቶበር ወር፣ በአገራችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ ጀርመን በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ያሠራችውንና በጁሊየስ ኔሬሬ የተሰየመውን የሰላምና የጸጥታ ሕንፃ ሊመርቁ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜም ክርክራችን አልበረደም። (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አድለርስሆፍ ዛሬ ሰፊ የሳይንስ ከተማ ነው። የሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍሎች እዚህ ይገኛሉ፤ መንገዶቹም በአይንሽታይንና በኒውተን፣ በማክስ ቦርንና በራዘርፎርድ ስም ይጠራሉ። ከአዲሶቹ የመስተዋት ሕንፃዎች መካከል ሁለት ድቡልቡል ግንቦች ቆመዋል። በ1960 አካባቢ የሙቀት መጠናቸው ሳይለዋወጥ ጥቃቅን ልኬት እንዲካሄድባቸው የተሠሩ ቤተ ሙከራዎች ሲሆኑ፣ የሰፈሩ ሰው ያወጣላቸውን ስም መምህር ሆኜ ልጽፈው አልደፍርም፤ ቅርጻቸውን ያየ ግን ወዲያው ይገምታል። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ይህ አካባቢ የሳይንስ አካዳሚው የፊዚካል ኬሚስትሪ ማዕከላዊ ተቋም የነበረበት ሲሆን፣ ሜርክል ከ1978 እስከ 1990 ለዐሥራ ሁለት ዓመታት ሠርተውበታል። ከአካዳሚው ጎን የመንግሥት ቴሌቪዥን ነበር፤ የጸጥታ ሚኒስቴሩ የጥበቃ ክፍለ ጦርም ሩቅ አልነበረም።

በ1986 ለዶክትሬት ያቀረቡት ሥራ አንዲት ነጠላ የአተሞች ትስስር ብቻ ተበጥሳ ሞለኪውል የሚፈርስበትን ሂደትና የሚፈርስበትን ፍጥነት በኳንተም ኬሚስትሪና በስታቲስቲክስ ስሌት ማግኘት ነበር። ይህን ለእህቴ ልጅ ያስረዳሁት ለዐሥራ አንደኛ ክፍል እንደማስረዳው ነው፦ ገመድ ሲወጠር ወዲያው አይበጠስም፤ አንድ የሚያልፈው የጉልበት ኮረብታ አለ፣ የኮረብታውን ከፍታ ያወቀ ሰው ገመዱ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ማስላት ይችላል። ሳይንሱ ከፍተኛ ውጤት አስገኝቶላቸዋል። ከዶክትሬቱ ጋር በግዴታ መቅረብ የነበረበት የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ጽሑፍ ግን ለጥቂት ነው ያለፈው። እኔም በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ትምህርት በግዴታ ስለወሰድኩ፣ ይህን ውጤት በሰማሁ ጊዜ የሥጋ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

ወደ አድለርስሆፍ የመጡበት መንገድም የሚነገር ነው። በላይፕሲግ ፊዚክስ አጥንተው ሲጨርሱ መጀመሪያ ያመለከቱት በኢልሜናው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለረዳትነት ነበር። ለቃለ መጠይቅ በሄዱበት የጠበቋቸው ግን የጸጥታው መሥሪያ ቤት ሰዎች ነበሩ፤ ባልደረቦቻቸውን እየተከታተሉ ወሬ እንዲያቀብሉ ጠየቋቸው። እሳቸውም ወላጆቻቸው አስቀድመው ባዘጋጇቸው መልስ ተከላከሉ፦ ወሬ ወዳድ ነኝ፣ ምሥጢር አልይዝም አሉ። ምሥጢር የማይቋጥር ሰላይ ለማንም አይበጅምና ተዉአቸው፤ ሥራውም በዚያው ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሰሜን ተጉዘን የቦርንሆልመርን መንገድ ድልድይ አየን። ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ሌሊት የበርሊን ግንብ በመጀመሪያ የተከፈተው እዚህ ነው። በአጠገቡ የጃፓን ሕዝብ በስጦታ የሰጣቸው የቼሪ ዛፎች ተተክለዋል፤ እኛም በኤፕሪል መጨረሻ ስለመጣን የአበባው ቅጠል መሬቱን ሐምራዊ አልብሶት ነበር። ሜርክል የጉዞ ገደቡ መነሣቱን በቴሌቪዥን በሰሙ ጊዜ ለእናታቸው ስልክ ደወሉ። ቤተሰቡ «ግንቡ የወደቀ ዕለት በምዕራብ በርሊኑ ኬምፒንስኪ ሆቴል ገብተን ኦይስተር እንበላለን» የሚል የቆየ ቀልድ ነበረው። ከዚያ ግን እንደ ሐሙስ ልማዳቸው ፎጣቸውን ይዘው ከጓደኛቸው ጋር ወደ ሳውና ሄዱ። ሲወጡ ነው ከሕዝቡ ጋር ድልድዩን የተሻገሩት፤ ከማያውቋቸው ሰዎች ቤት አንዲት ቢራ ጠጥተው፣ በማግሥቱ ሥራ ስለነበረባቸው ተመለሱ።

የእህቴ ልጅ በዚህ ሳቀ። «ጋሼ፣ ዓለም ሲገለበጥ ሳውና መግባት ሳይንስ ነው?» አለኝ። ለጊዜው መልስ አልነበረኝም። ሰውየዋ የአብዮት ሰው እንዳልነበሩ ግልጽ ነው። ፖለቲካ ውስጥ የገቡትም በዲሴምበር ወር «የዴሞክራሲ መነሣሣት» በተባለ አዲስ ቡድን ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥራቸው ከምዕራብ በእርዳታ የመጡ ኮምፒውተሮችን ከካርቶን አውጥቶ መቀጣጠል ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ግን እጅግ ፈጥኖ ነው የሄደው፦ በ1990 የመጨረሻው የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ምክትል ቃል አቀባይ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የፓርላማ አባል፣ በ1991 የሴቶችና የወጣቶች፣ በ1994 የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር። በ1999 በፖለቲካ ያሳደጓቸው የቀድሞው መራሔ መንግሥት ሄልሙት ኮል በፓርቲያቸው በክርስቲያን ዴሞክራቶች የገንዘብ ቅሌት ሲዘፈቁ፣ ፓርቲው ያለ ኮል መራመድ እንዲለምድ ሜርክል በጋዜጣ ጽፈው ብዙዎችን አስደነገጡ። በ2000 ሊቀ መንበር፣ በ2005 መራሒተ መንግሥት ሆኑ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመትም ቆዩ።

በማግሥቱ ከኦስትክሮይትስ ጣቢያ በክልል ባቡር ተሳፍረን ወደ ቴምፕሊን ሄድን። ከተማዪቱ ከበርሊን በስተሰሜን፣ በሐይቅና በጥድ ደን መካከል የምትገኝ ስትሆን፣ ከድንጋይ የተሠራው የመካከለኛው ዘመን ቅጥሯ እስከ ዛሬ ሳይፈርስ ዙሪያዋን ይዟታል። ሜርክል በ1954 የተወለዱት በምዕራብ ጀርመን ሃምቡርግ ነው፤ አባታቸው ቄስ ነበሩና ሕዝብ ወደ ምዕራብ በሚሸሽበት ጊዜ ቤተሰቡ የጥቂት ሳምንታት ሕፃን ይዞ ወደ ምሥራቅ ተሻገረ። ከ1957 ጀምሮ ቤተሰቡ የኖረው ከከተማው ወጣ ባለው ቫልድሆፍ በተባለ ግቢ ሲሆን፣ በዚያ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ይኖሩና ይሠሩ ነበር። እናታቸው የእንግሊዝኛና የላቲን መምህርት ቢሆኑም የቄስ ሚስት ናቸውና በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲያስተምሩ አልተፈቀደላቸውም፤ አንጀቴን የበላው ይህ ነው። በግቢው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቅጠል ይጠርጉ ነበር። ሰላም አልናቸው፣ እጃቸውን አነሡልን።

ሐይቁ ዳር በተሠራ የእንጨት መረማመጃ ላይ ተቀመጥን። ሜርክል ራሳቸው ደጋግመው የሚያወሩት አንድ የልጅነት ታሪክ አለ፦ በትምህርት ቤት የዋና ክፍለ ጊዜ ከሦስት ሜትር የመዝለያ ሰሌዳ ላይ ወደ ውኃው ዝለሉ ሲባል እሳቸው ወጥተው ክፍለ ጊዜውን በሙሉ እዚያው ቆሙ፤ የማብቂያው ደወል ሲሰማ ዘለሉ። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ የቆየ ቅሬታውን አወጣ። በ2010 መንግሥታቸው የኑክሌር ማመንጫዎችን ዕድሜ በአማካይ በ12 ዓመት አራዝሞ ነበር። በማርች 2011 በጃፓን የፉኩሺማ የኑክሌር ማመንጫ አደጋ ሲደርስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ17ቱ ስምንቱ ከሥራ እንዲወጡ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ጁን መጨረሻ ደግሞ ሁሉም በ2022 እንዲዘጉ ፓርላማው ወሰነ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ጥቂት ወራት ዘግይተው በኤፕሪል 2023 ቆሙ። «የአተም ፊዚክስ በአንድ ሳምንት አልተለወጠም» አለ። «የተለወጠው በባደን ቩርተምበርግ ክልል የሚካሄደው ምርጫ መቃረቡ ነበር። ከዚያ በሩሲያ ጋዝ ላይ ተደገፍን፤ መጨረሻውን አየኸው።»

የጋዙን ነገር መከላከል አልችልም። ሩሲያ ክራይሚያን ከያዘች በኋላ የሩሲያን ጋዝ በባሕር ሥር የሚያመጣውን ሁለተኛውን ቱቦ መቀጠላቸው፣ ሩሲያኛን በልጅነታቸው በውድድር እስኪሸለሙ ድረስ ላወቁት ሴት ከባድ ስሕተት ነው እላለሁ። ስለ ፉኩሺማ ግን ክርክሬን አልተውኩም፦ ፊዚክሱ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ለአደጋው የሰጡት ግምት ነው። እንደ ጃፓን ባለ የቴክኒክ አገር ሊሆን አይችልም የተባለው ሲሆን ያየ ሰው የቀድሞ ግምቱን ቢከልስ ከቤተ ሙከራ ልማድ አልወጣም። ሳይንቲስትነታቸው ያለ ጥርጥር የታየኝ ግን በኮሮና ጊዜ ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2020 መግለጫ ሲሰጡ፣ አንድ ሕመምተኛ በአማካይ ለ1.1 ሰው ካስተላለፈ የሕክምና አገልግሎቱ በኦክቶበር፣ ለ1.2 ከሆነ በጁላይ፣ ለ1.3 ከሆነ በጁን ከአቅሙ ጣሪያ እንደሚደርስ ለሕዝባቸው አስረዱ። ጠመኔ ብቻ ነው የጎደላቸው።

«እሺ» አለ የእህቴ ልጅ፣ «2015ስ?» በዚያ ዓመት ወደ 890,000 ጥገኝነት ጠያቂዎች ሲገቡ «እንወጣዋለን» ያሉት በየትኛው ስሌት ነው ማለቱ ነበር። ስሌት የለውም አልኩት። ከቫልድሆፍ የመጣ ይሆናል፤ ማንም ያልፈለጋቸው ሰዎች ቅጠል የሚጠርጉበት ግቢ ውስጥ ያደገ ልጅ የሚያየውን በአድለርስሆፍ አያስተምሩም። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ውኃውን አየ። «ግን ጋሼ፣ ሰሌዳው ላይ ቆመው የሚዘሉት ሁልጊዜ ደወሉን ሌላ ሰው ከደወለ በኋላ ነው» አለኝ።

ይህን ልመልስለት ስሞክር ዝናብ ጀመረን። እስከ ጣቢያው ስንሮጥ ቅጥሩን ከውጭ በኩል ዞርን፤ ባቡሩ ለመነሣት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። ጫማዬ ርሶ ነበር፤ ልጁ ግን አሁንም መልሴን እየጠበቀ ነበር።